መኪናዬን ቁርጥራጭ ብረት ብሎ ለገመተው የመድን ድርጅት

ለተከበሩ የካሳ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የግምት ባለሙያዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ቀይ መብራት አክብሬ በቆምኩበት የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ የገጨኝ ሽማግሌ ደንበኛዎ፣ ከአንገቴ ሕመም በስተቀር ደኅና ነኝ። የመኪናዬ ዋጋ ከጥገናዋ ወጪ ስለሚያንስ እንደ ጠፋች ተቆጥራ ካሳ እንደሚከፈለኝ፣ ቅሪቷም የድርጅትዎ ንብረት እንደሚሆን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርዶ በዚህን ያህል አጭር ዓረፍተ ነገር ሲነገር ግን አይቼ አላውቅምና አድናቆቴን ሳልገልጽ ማለፍ አልቻልኩም። ጥቂት ቅሬታዎቼን ደግሞ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባለሙያዎ የዋጋዋን ግምት ትንሽ ከፍ አድርጎት ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ተጠግና ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር፤ ዝቅ ስላደረገው ግን ልትሸጥና ልትፈራርስ ነው። ስለዚህ የምከራከረው ገንዘብ እንዲጨመርልኝ ሳይሆን እንድትመለስልኝ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ለዓመታት ሲጠግናት የኖረው መካኒክ ዙሪያዋን አይቶ፣ «ጋሼ፣ የተጎዳው ኋላዋ ነው እንጂ ሞተሯማ እኔንም ይቀብረኛል» ብሎኛል። ባለሙያዎ ይህን የመሰለ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ስለወሰነ ለጊዜ ያለውን ክብር አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ለዋጋው መውረድ ምክንያት ከተባሉት አንዱ የተሳፋሪው በር ከውስጥ አለመከፈቱ ነው። እውነት ነው፣ አይከፈትም። ላሠራው በተነሳሁ ቁጥር ባለቤቴ፣ «እሱ ከተሠራ አንተ መቼ ዞረህ ትከፍትልኛለህ? ተወው፣ ሰው ይይልኝ» እያለች ስለከለከለችኝ እንደ ተበላሸ ኖረ። ሌላው ምክንያት ወደ ኋላ የተንጋለለው የተሳፋሪው ወንበር ነው። ይህ ግን ብልሽት አይደለም። ባለቤቴን ከሆስፒታል ለመጨረሻ ጊዜ ይዣት ስመለስ ጀርባዋ ቀና ብሎ መቀመጥ ስላልቻለ ራሷ ያስተካከለችው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ያደረገው የለም። ባለሙያዎ ሊፈትሸው እንደ ተቀመጠበት በሪፖርቱ አስፍሯል። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው በመሆኑ እንኳን ደስ ያለው እያልኩ፣ ሲነሳ ጀርባው ቀዝቅዞት እንደሆነ አለመጥቀሱ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

፫ኛ. ይህኛው በከፊል የእኔ ጥፋት ነው። በአደጋው ቦታ የመጣው ትራፊክ ፖሊስ ብቻዬን መሆኔን ሲጠይቀኝ፣ አፌ ላይ እንደ መጣልኝ ከባለቤቴ ጋር ነኝ አልኩት። እርሱም ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሽበቴን አክብሮ መሰለኝ እንዳልኩት ጻፈው። ድርጅትዎም ተሳፋሪዋ መታወቂያቸውን ይዘው ቀርበው ቃላቸውን እስኪሰጡ ድረስ ክፍያው እንደማይፈጸም አስታወቀኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ማረፏን ስገልጽ ደግሞ፣ ከልብ የመነጨ ሐዘናችሁን አስቀድማችሁ፣ ሞቷ ከአደጋው ጋር የተያያዘ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል እንደሚመራ በትሕትና ጻፋችሁልኝ። በመጨረሻም አንዲት ጨዋ ሠራተኛችሁ ደውላ፣ «አባቴ፣ አይቀየሙኝና ቁርጡን ይንገሩኝ፤ እሳቸው መኪናው ውስጥ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በቃላት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና በጽሑፍ እመልሳለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የጭነት መኪናው ሲመታን ክንዴን ወደ ጎን ዘርግቼ ባለቤቴ እንዳትወድቅ ደረቷን ደግፌያት ነበር። ሁልጊዜም በድንገት ፍሬን ስይዝ የማደርገው ነው። ክንዴ ያረፈው ግን ባዶ አየር ላይ አልነበረም። ክብደት ነበረው፤ ትንፋሽም ነበረው። ይህን ለየትኛው ክፍል እንደማመለክት ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

፬ኛ. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። የተጎዱ መኪናዎች በሚቆሙበት ግቢዎ ያለው ዘበኛ፣ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ያንን የተሳፋሪውን በር ከፍቼ፣ ጥቂት ቆሜ፣ መልሼ ስዘጋው አይቶ መጀመሪያ፣ «ጋሼ፣ ውስጥ የረሱት ዕቃ አለ እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ይዞኝ አርፍጄ ብደርስ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ፣ «እርስዎ ሲዘገዩ ጊዜ ለእሳቸው እኔ ከፈትኩላቸው» አለኝ። ከድርጅትዎ ሠራተኞች ሁሉ ለተሳፋሪዬ በአንቱታ በር የከፈተላት እርሱ ብቻ ነውና፣ ደመወዙ እንዲታሰብበት አደራ እላለሁ።

እንግዲህ ግምቱ እንደገና ታይቶ መኪናዋ እንድትጠገንልኝ እየለመንኩ፣ ለሚሰጡኝ ፈጣን ዝምታ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ክፍያውን ቀን አሳልፎ የማያውቅ፣ ቀይ መብራት የሚያከብር፣
በፊትዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ ታማኝ ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ፈርሜ ሳበቃ ዘበኛው ደውሎልኝ ነበር። ግቢው ስለጠበባችሁ፣ ካሳውን ሳትከፍሉ፣ ፊርማዬንም ሳትጠብቁ፣ መኪናዋን በመጪው የቁርጥራጭ ብረት ጨረታ ልትሸጧት መሆኑን ሰማሁ። ስለዚህ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ትቼ ወደ እናንተ ወገን ዞሬያለሁ። ዋጋ የላትም። በጨረታው ዕለት የባለሙያዎን ሪፖርት ይዤ እኔም ልጫረት እቀርባለሁ፤ ሊጫረቱኝ ለሚመጡ ሁሉ እያንዳንዱን ጉድለቷን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ባለሙያዎም ከጎኔ ቆሞ አንድ ቃል ሳያስቀር እንዲመሰክርልኝ እለምናለሁ። በዚያች ዕለት ብቻ፣ እባክዎን፣ ማንም ሰው ምን ያህል እንደምታወጣ እንዳይደርስበት።