በእግሩ ሄዶ ስለተሰቀለው መቀስ፤ ለክቡር ዐቃቤ ሕግ

ለተከበሩ ዐቃቤ ሕግ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ሙሉ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ድምፅዎንማ ባለፈው ሐሙስ ውጭ በር ላይ የቆሙት ሁሉ ሰምተውታል። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ለምስክርነት ቆሜ፣ ዳኛው ሦስት ጊዜ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ብለውኝ፣ በመጨረሻ «ምስክሯ ምንም አላለችም» ተብሎ የተጻፈልኝ ልጅ ነኝ። የተከሳሹ ልብስ ሰፊ የወንድም ልጅ ስሆን፣ በሱቁ ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እጠርጋለሁ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጥሁ የሕግ ቃል ብሳሳት ያርሙኝ። መናገር ስለማይሆንልኝ ይህን ጽፌ በሱቃችን መስታወት ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከሚስቁት ሰዎች ፎቶ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ፦ የአክስቴ የቀድሞ ባል እኩለ ቀን ላይ ሱቃችን ገብቶ ሊገድላት ሲል፣ ወንድሟ፣ ማለት አጎቴ፣ በሽጉጥ ተኩሶ ገደለው። ሽጉጡ ፈቃድ የለውም። አጎቴ ሕጋዊ መከላከል ነው ይላል፤ እርስዎ ታስቦበት የተፈጸመ ግድያ ነው ይላሉ። ሁለቱን የሚለየው ሟች በእጁ ምን ይዞ ነበር የሚለው ነው፤ ፍርዱም የፊታችን ሐሙስ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልሂድ።

አንደኛ፣ ለፖሊስ ጣቢያው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አክስቴ ሰውየው እንደዛተባት ልታመለክት ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ ተረኛው «ታዲያ እስካሁን ምን አደረገሽ? የሆነ ነገር ሲያደርግሽ ነይ» ብሏታል። ምክሩ ግልጽ ነበር። ችግሩ፣ የሆነ ነገር ሲያደርጋት የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ ስለነበር መምጣት አልተመቻትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሽጉጡ። የአያቴ ነበር። አጎቴ ከአራት ዓመት በፊት ሊያስመዘግበው ሄዶ «መሣሪያውን ይዘህ ና» ተባለ፤ ይዞት ሲሄድ ደግሞ የበሩ ጥበቃ «ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዘህ አትገባም፣ ሳላስይዝህ ዞር በል» አለው። አጎቴም ዞር አለ፤ ዞር እንዳለም ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ደግሞ መሄድ ነበረበት። ሱሪያቸውን እንዲያሳጥርላቸው የሰጡትን ደንበኞች እንደሚላቸው «ነገ፣ ነገ» ሲል ሽጉጡ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አራት ዓመት ተቀመጠ። ለዚህ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ለዳኛው ነግሯል፤ ለዚህ ይቀጣ።

ሦስተኛ፣ «ፈቃድ በሌለው ሽጉጥ የተኮሰ ሰው ስለ ሕጋዊ መከላከል አፉን መክፈት የለበትም» ብለዋል። ብዙ ተማርሁበት። ለካ አክስቴን ያተረፋት ነገር ወረቀት ስለሌለው እሷም እንዳልተረፈች ትቆጠራለች። ይህን ስነግራት ክንዷን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና «ኧረ አለሁ ልጄ፣ ሂጂና ንገሪያቸው!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነውና ለዚህም አመሰግናለሁ። ደግሞስ ያለ ፈቃድ መያዙን በአንድ ክስ፣ መግደሉን በሌላ ክስ ለያይተው የጻፉት እርስዎ ራስዎ አይደሉም? እኔ ሁለት ቁልፍ በአንድ ቀዳዳ ላስገባ ብል አጎቴ ልብሱን ከእጄ ነጥቆ ነበር የሚያስፈታኝ።

አራተኛው ዋናው ነው። አክስቴ ሟች ትልቁን የመቁረጫ መቀስ አንስቶባት እንደነበር ስትመሰክር፣ እርስዎ ፖሊስ ያነሳውን ፎቶ ከፍ አድርገው አሳዩ። መቀሱ ግድግዳው ላይ፣ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ንጹሕ ነው፣ ያብረቀርቃል። «እና ይህ መቀስ ከሟች እጅ ወርዶ በእግሩ ሄዶ ተሰቀለ?» አሉ። ችሎቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ሲጨንቀኝ ሳቅ ያመልጠኛል።

መልሱን ግን አውቀው ነበር። መቀሱ የሄደው በእኔ እግር ነው። በሱቃችን መቀስ ከወደቀ ጫፉ እንዳይጎዳ ወዲያው ይነሣል፤ ማንም ይጣለው ማን፣ «አንሺ፣ ጥረጊ፣ ስቀዪ» የሚባለው ለእኔ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት ጥይቱ ጮኸ፣ ሰውየው ወደቀ፣ መቀሱ ተንሸራቶ እግሬ ሥር መጣ። አጎቴ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ አክስቴ ዐይኗን ጨፍናለች። እኔ አነሣሁት፣ በጨርቅ ጠረግሁት፣ ሰቀልሁት። ከዚያ ተቀምጬ መርፌዬን አነሣሁ። እጄ ነው ያደረገው፤ ልቤ እዚያ አልነበረም። መርማሪው መጥቶ «አንቺስ?» ሲለኝ አቀረቀርሁ፤ እሱም «አላየችም» ብሎ ጻፈ። መልሱን ራሱ ስለመለሰልኝ ድካሜን አቅልሎልኛል። በችሎትም «እኔ ነኝ የሰቀልሁት» ብዬ ነበር፤ ሦስቴ፤ ግን ለደረቴ ነው የነገርሁት።

በሟች አልቀልድም። የሞተው ሰው ነው። በችሎት ከጎኔ የተቀመጡት እናቱ፣ ማን እንደሆንሁ እያወቁ፣ ውሃቸውን ሰጥተውኛል። የሆነውን ማወቅ ለእሳቸውም ይገባል።

ስለዚህ የፊታችን ሐሙስ እንደገና እንድጠራ በትሕትና እለምናለሁ። ቆሜ ዝም ካልሁ ይህን ደብዳቤ እርስዎ ያንብቡልኝ፤ በእርስዎ ድምፅ ከተነበበ ማንም «ከፍ አድርጊ» አይልም።

የካባዎ የግራ ጠርዝ ተተርትሮ አይቼ አዝኛለሁ፤ አሳምሮ የሚሰፋልዎት ሰው ለጊዜው እርስዎ ዘንድ ታስሯል። እስኪፈታ ድረስ እንዳያደናቅፍዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ምንም ያላለችው ምስክር

ግልባጭ፦
ለአጎቴ፣ ማረሚያ ቤት
ለሟች እናት፣ ከአክብሮት ጋር
ለጣቢያው ተረኛ፣ የሆነ ነገር ስለተደረገ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ቀና ብዬ ሳየው የመቀሱ የአንዱ ስለት ጫፍ የለም። ፈልጌ አገኘሁት፤ አክስቴ ራሷን ዞር ስታደርግ የመጀመሪያው ምት ያረፈበት የመቁረጫው ጠረጴዛ እንጨት ውስጥ ተሰክቷል። መርማሪዎችዎ ቦታውን በደንብ ያውቁታል፤ «ሟች ባዶ እጁን ነበር» የሚለውን ሪፖርት እዚያው ላይ ሲጽፉ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተቀዶባቸው፣ «ምን ዓይነት ሸካራ ጠረጴዛ ነው!» ብለው ወደ ሌላው ጥግ ዞረዋል። ሲመጡ ጉጠት ይዘው ይምጡ። እኔ ከእንግዲህ አላነሣም፣ አልጠርግም፣ አልሰቅልም።