ስለ እህቴ ቅርጫት ለእንግዶች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት

በአድርያቲክ ባሕር ዳር የምትገኘውን በግንብ የታጠረች ከተማችንን ለምታስተዳድሩ፣ ለተከበራችሁ የእንግዶች መስተንግዶ ሹማምንት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእናንተን ጤንነት፣ የቤተሰባችሁን ደኅንነትና በየመንገዱ ያቆማችኋቸውን የብረት አጥሮች ሰላም በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት እምቢ ብሏል። ምናልባት የማታውቁኝ እንደሆነ፣ በዚያች ከተማ ተወልጄ፣ ተድሬና ባሌን ቀብሬ ከኖርሁ በኋላ ቤቴ ለእንግዶች ማረፊያ ስለተፈለገ ከኮረብታው ማዶ ወዳሉት ሕንፃዎች የተዛወርሁ ቶንካ የምባል አሮጊት ነኝ። ዛሬ ወደ ትውልድ ከተማዬ በጠዋት አውቶቡስ ሄጄ በማታው እመለሳለሁ፤ በእናንተ አቆጣጠር የደርሶ መልስ ጎብኚ ሆኛለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ማዕረግ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ሲባል ሰምታችሁ፣ ጠዋት ከመርከብ ወርዶ ማታ የሚሳፈረውን ብቻ በማስመጣት ሁለተኛ ቀን የሚባለውን ነገር ከከተማችን አጥፍታችኋል። ብልሃታችሁ ያስደንቃል። ዳቦ ቤታችን ተዘግቶ የፍሪጅ ማግኔት መሸጫ ሆኗል፤ ማግኔት ግን አይበላም።

ሁለተኛ፤ ታላቅ እህቴ ዴሳ። በዚያ ደረጃ በበዛበት ጠባብ መንገዳችን ከነበርነው ሁሉ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ በየንግግራችሁ «ውድ ነዋሪዎቻችን» ስትሉ እሷን አንዷን ማለታችሁ ነበር። ከእኔ ጋር ኑሪ ብዬ በለመንኋት ቁጥር «እኔ ከሄድኩ እነዚህን ማን ይሰድባቸዋል?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እናንተ ከመሾማችሁ በፊት በዚያ መንገድ አንድ ልማድ ነበረን። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፤ የሚያልፍ ሰው ዳቦም ይሁን ዓሣ ይጨምርበትና መልሰው ይስቡታል። የቀትር ደወል ከተደወለ በኋላ ቅርጫት ተንጠልጥሎ ከታየ ግን ላይ ያለው ሰው ደኅና አይደለም ማለት ነውና፣ ያየው ሁሉ፣ የተጣላም ቢሆን፣ ደረጃውን ሮጦ ይወጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህ ነበር።

በበጋው አጋማሽ አንድ ሐሙስ ለእህቴ ዳቦ ይዤ የከተማው በር ላይ ስደርስ፣ የዓሣ ሻጩ የፔሮ ልጅ ዝቮኔ፣ ዛሬ የእናንተ ጥበቃ የሆነው፣ መንገዴን ዘጋብኝ። «እትዬ ቶንካ፣ ዛሬ ሦስት መርከብ ነው የገባው፤ በአቋራጩ ማለፍ ክልክል ነው። ሰልፉን ይከተሉና ዞረው ይድረሱ። እባክዎ ከሥራ አያስባርሩኝ» አለኝ። እኔም ቢጫ ጃንጥላ ከያዘች አስጎብኚ ኋላ ተሰልፌ፣ የተጠመቅሁበትን ቤተ ክርስቲያንና የተዳርሁበትን አደባባይ እንደ ባዳ እየጎበኘሁ ከተማዋን ዞርሁ። ደወሉ የተደወለው ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ነው። ወደ መንገዳችን ስንታጠፍ አስጎብኚያችን «ይህ ቅርጫት የመልካም ዕድል ምልክት ነው፤ ሳንቲም የጣለበት ተመልሶ ይመጣል» ስትል ሰማሁ።

የዴሳ ቅርጫት ወርዶ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ሰው ፎቶ ለመነሣት ተሰልፏል። ቅርጫቱ ውስጥ ሳንቲምና ግማሹ የተበላ አይስክሬም አለ። «እህቴ ናት! አሳልፉኝ!» ብዬ ብጮህ፣ አንዲት ደርባባ ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ የሰልፉን መጨረሻ በትሕትና አሳየችኝ።

እንደምንም ተጋፍቼ ደረጃውን ወጣሁ። ዴሳ ክፍሏ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ወድቃለች፤ ገመዱ በእጅ አንጓዋ ላይ ተጠምጥሞ እጇን እስከ መስኮቱ ደፍ ስቦታል። ሐኪሙ «የወደቀችው ጠዋት ነው፤ ቀደም ብሎ ሰው ቢደርስላት ኖሮ ትተርፍ ነበር» አለኝ። የተከበራችሁ ሹማምንት ሆይ፣ ሰው እኮ ነበረ። በዚያች ከተማ የዚያን ቀን ያህል ሰው ሞልቶ አያውቅም። እናንተንም፣ ሰልፉን ተከትዬ የዞርሁትን ራሴንም ይቅር ማለት አልቻልሁም።

ሦስተኛ፤ ሰው ሲሞት ስሙ በጥቁር መስመር በታጠረ ወረቀት ታትሞ በከተማው በር ይለጠፋል፤ አገሬው ያንን አይቶ ነው ለቀብር የሚመጣው። የዴሳን ለጠፍሁ። ሠራተኛችሁ «እንግዶቻችን ያለቻቸው አንዲት ቀን ናት፤ አናሳዝናቸው» ብሎ የመጀመሪያው መርከብ ሳይገባ ላጠው። ቀብሯ ላይ ቄሱ፣ ቀባሪው፣ እኔና ፈቃድ ጠይቆ የመጣው ዝቮኔ ነበርን። ዝቮኔ ከእኔ ብሶ አለቀሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም። በቅርቡ በዚያው በር ላይ «ነፍስ ያላት ከተማ፤ ለአንድ ቀን ኑ!» የሚል ትልቅ ፖስተር ሰቅላችኋል። ፎቶው የእህቴ ቅርጫት ነው። አይስክሬሙ ስላለበት ቀኑን አውቄዋለሁ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል፤ ከላይ ቆርጣችሁ ያስቀራችሁት እጇን ነው።

ስለ ውብ ፎቶአችሁ፣ ስለ ሥርዓታችሁና ለአንድ ቀን እንግዳ ስላላችሁ ርኅራኄ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንሁ፣ እርጅናችሁን ጎረቤት ባለበት መንገድ ያድርግላችሁ ስል እመኛለሁ።

የዴሳ ታናሽ እህት፣ የቀድሞ ነዋሪ፣ የአሁን ጎብኚ፣
ቶንካ ሉኮቪች

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፖስተሩን እንዳታወርዱት አደራ። ለእህቴ የከለከላችሁትን የሞት ማስታወቂያ ራሳችሁ በሰው ቁመት፣ በቀለም አሳምራችሁ ሠርታችሁላታል። የጎደለው ስሟና የሞተችበት ቀን ብቻ ስለነበር፣ ትናንት ከሥሩ በጥቁር ቀለም ጽፌዋለሁ። ብታጠፉትም ግድ የለም፤ እኔ የደርሶ መልስ ሰው ነኝ፣ ነገም በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ።