ከፎጣው በፊት የተሰጠ ቃል

ለክቡር የምርመራ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሰኞ ጠዋት እንድቀርብ የተላከልኝን መጥሪያ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል? ሌላው ሰው ረጅም ዕድሜ ሲመኝልዎ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመኝልዎ ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚያስገቡት፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚያስወጡት፣ እንደ ልብ የሆነ ትንፋሽ። ምኞቴ እንግዳ ቢመስልዎ አይፍረዱብኝ፤ በእኛ ቤት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትንፋሽ እንደ ትልቅ ሀብት መታየት ጀምሯል።

ከገበያው ማዶ ያለችው ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። እኔን ባያውቁኝም ወንድሜን ያውቁታል፤ ቀለም ቀቢው ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ስድብ ጽፎ ባደረ ማግስት፣ የግቢው አስተዳደር ወንድሜን ጠርቶ አጥፋልን አለው፤ እሱም ግማሹን አጥፍቶ ግማሹ ሲቀረው የእርስዎ ሰዎች ደረሱ፣ ብሩሽ የያዘ ሰው ከጽሑፍ ፊት ቆሞ አገኙ፣ ይዘውትም ሄዱ። የስድቡ ቀለም ቀይ፣ የወንድሜ ቀለም ነጭ መሆኑን ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃ ነበር፤ የእርስዎ ሰዎች ግን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይወዳሉ።

ወንድሜ ከተለቀቀ በኋላ የተደረገበት ነገር በከተማው ሲወራ፣ እርስዎ በሬዲዮ ቀርበው ስለ ዘዴው ማብራሪያ ሰጡ። ደንበኞቼ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠው፣ እኔ ማበጠሪያዬን ይዤ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥንዎ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

፩. ስለ ስሙ አመሰግናለሁ። ሰውን እጁን አስሮ፣ በጀርባው አጋድሞ፣ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ውሃ ማፍሰስን እኛ ያልተማርነው ማስጠም እንል ነበር። እርስዎ “በውሃ የታገዘ ቃል አቀባበል” መሆኑን አስረዱን፤ ማንም ሰው እንዳልሰጠመ፣ የሚፈጠረውም የመስጠም ስሜት ብቻ እንደሆነ አከሉበት። ስሜት ብቻ ከሆነ እሰየው ነው። ወንድሜም የሞተ መሰለው እንጂ አልሞተም፤ የሞትን ስሜት ብቻ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ዛሬ ውሃ የሚጠጣው በማንኪያ ነው፤ ፊቱን የሚታጠበው መዳፉን አርጥቦ፣ አንዱን ዓይኑን ክፍት ትቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው። ዝናብ ሲመጣ እናታችን መስኮቱን ዘግታ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርግለታለች፤ አንዳንዴ የእርስዎ ድምፅ ይመጣና መልሳ ትዘጋዋለች።

፪. ስለ ሐኪሙ አመሰግናለሁ። እኛ አንድ ሐኪም ለማየት ግማሽ ቀን ወረፋ የምንጠብቅ ሰዎች ነን፤ ለወንድሜ ግን ያለ ወረፋ፣ ያለ ካርድ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም ራስጌው ቆሞለታል። የእጁን ትርታ እየያዘ “ገና ነው፣ ይችላል” ይል ነበር አሉ። እውነትም ሙያ ነው! ያ ሐኪም ድንገት የግል ክሊኒክ ቢከፍት አድራሻውን ይላኩልን፤ በዚያ መንገድ እንዳናልፍ።

፫. መርማሪዎችዎ ሁሉ በሥልጠና ጊዜ ይህን በገዛ ራሳቸው ላይ ሞክረው እየሳቁ እንደተነሡ ነግረውናልና ስለዚህም አመሰግናለሁ። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ ሲያደርጉ ውሃው ይቆም እንደነበርም እርስዎው ነዎት የነገሩን። የወንድሜ መዳፍ ታስሮ ነበር፤ የእሱን ውሃ የሚያቆመው የሰው ስም ነበር። በመጀመሪያ እውነቱን ተናገረ፤ አስተዳደሩ ቀጥሮኝ ነው አለ፤ ያ የዕለቱ መልስ አልነበረም። ቀጥሎ ማንንም የማይጎዳ ስም ፈልጎ ከመቃብር ጀመረ፤ ነፍሱን ይማረውና አባታችንን ጠራ፣ አጎታችንን ጠራ፣ የድሮ አከራያችንን ጠራ። መሥሪያ ቤትዎም ጊዜ ሳያባክን ለሟች አባቴ መጥሪያ ላከ። እናቴ መልእክተኛውን በር ላይ ተቀብላ፣ እሳቸው የሉም፣ ከሄዱም ቆይተዋል አለችው፤ እሱም መጥሪያው ጀርባ ላይ “ተሰውሯል” ብሎ ጻፈ። ይኸውና አባቴ በሕይወት ሳለ ያላገኘውን ዝና አግኝቶ ዛሬ በሕግ የሚፈለግ ሰው ሆኗል።

ሙታኑ ሲያልቁበት ከሕያዋን መጣ፤ የእኔን ስም ተናገረ። ያኔ ውሃው ቆመ፣ እሱም ተለቀቀ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢያመልጠኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወንድሜ ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ፣ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ በእናቴ አፌ ነው እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ምን ልበለው? በልጅነቱ እኔን የነካ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከእሱ ጋር ይደባደብ ነበር፤ የእኔን ስም አሳልፎ ከሚሰጥ ምላሱን ቆርጦ የሚጥል ሰው ነበር፤ እናንተ ምላሱን እዚያው አፉ ውስጥ ትታችሁ ከእሱ ለያችሁት። አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት እርስዎን ነው፣ ያውም አንጀቴ እስኪቃጠል።

ቁጥሩን እንግዲህ ትቼዋለሁ፤ የሚቀጥለው በቁጥር የሚባል አይደለም።

ባለፈው ዓርብ ወንድሜ የቤት ቁልፍ ሊያደርስልኝ ወደ ፀጉር ቤቴ ብቅ አለ። በማግስቱ የምታገባ አንዲት መምህርት ገንዳው ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሳለች፣ ሻምፑዋን ላለቀልቅላት ቧንቧውን ከፈትኩ። የውሃው ድምፅ እንደ ተሰማ ወንድሜ ቁልፉን ጥሎ ዘለለ፤ የማያውቃትን ሴት ጭንቅላት በሁለት እጁ ደግፎ ከገንዳው እያነሣ፣ እህቴ አዎ በያቸው፣ የሚሉሽን ሁሉ አዎ በይ፣ ይቆማል እያለ ጮኸ። ሙሽሪት አረፋው ዓይኗ እየገባ “አዎ” አለች። እኔም ቧንቧውን ዘጋሁ።

እንግዲህ ደስ ይበልዎ፤ ዘዴዎ በእኔም ቤት ሠርቷል። ሴትዮዋ አምናለች። ምን እንዳመነች ግን እሷም እስከ ዛሬ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፤ የእርስዎ ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ አንድ ነገር ይሞሉላት ነበር።

በሬዲዮ አንድ ከባድ ጥያቄ ጠይቀውን ነበር፤ ትምህርት ቤት ሥር ፈንጂ ቢቀበር፣ ያለበትን የሚያውቀውም አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ አሉ። የእኔም ልጅ ትምህርት ቤት ትውላለችና ጥያቄው ውሃ የሚያነሣ መስሎኝ ደጋግሜ አሰብኩበት። ከዚያ ሙሽሪት ትዝ አለችኝ። የማያውቀው ሰው የከተማውን ትምህርት ቤት ሁሉ ይጠራልዎታል፤ የሚያውቀው ደግሞ የተሳሳተውን ይጠራና እርስዎ እዚያ ሲቆፍሩ ይውላሉ። እንዲያው ቢሠራስ? ቢሠራም አልፈልገውም። ታስሮ የተጋደመ ሰው ፊት ላይ ፎጣ ይዞ የቆመ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁን በየትኛው እጁ ያጥባል? ልጄ በዚያ እጅ ዳነች ተብሎ እንዲነገረኝ አልሻም።

አሁን ወደ መጥሪያዎ ልመለስ። ሰኞ ጠዋት እቀርባለሁ፤ አልቀርም፣ አልሰወርም፣ የሚሰወረው አባቴ ነው። ነገር ግን እዚያ ፎጣ እንዳለ ስለማውቅ ቃሌን ከወዲሁ፣ በአደባባይ፣ በደረቁ እሰጣለሁ፦ አጥር ላይ አልጻፍኩም፤ የጻፈውንም አላውቅም፤ ወንድሜ ያጠፋ ነበር እንጂ አልጻፈም። ከሰኞ በኋላ ከዚህ የተለየ ቃል በስሜ ቢነበብላችሁ፣ ያ የውሃው ቃል ነው፤ የእኔ ይኸው ነው።

ፀጉሬም ቃሌም ገና ደረቅ እንደሆኑ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

የቀለም ቀቢው እህት፣ ፀጉር ሠሪዋ

ግልባጭ፦
ለሟች አባቴ፣ በተሰወሩበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ “ውሃው እስከ ዛሬ ሐሰት አናግሮ አያውቅም” ማለትዎን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰኞ ግብረ አበርሽ ማነው ስባል የእናቴ ስም ወይም የልጄ ስም እንዳያመልጠኝ ስለፈራሁ፣ አንድ ስም ብቻ መርጬ እያጠናሁ ነው፤ ፀጉር ሳጥብ እለዋለሁ፣ መንገድ ስሄድ እለዋለሁ፣ በእንቅልፍ ልቤም እየጠራሁት ነው አሉ። መጥሪያው ግርጌ ከፊርማዎ ሥር እስከ አያትዎ ተጽፎ ስላገኘሁት ለማጥናት አልተቸገርኩም። ማክሰኞ በተራዎ ሲጠሩ እንግዲህ ፎጣ ከቤትዎ ይዘው ይምጡ፤ የመሥሪያ ቤቱ ፎጣ፣ ወንድሜ እንደሚለው፣ በደንብ አይታጠብም።