የቀዩና የነጩ የፊት እግር

ሚያዝያ 24

ሙቀት። መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሁለት ስልክ ጠገንኩ፤ አንዱ ባለቤቱ ሳይወስደው ተመልሶ ሞተ።

ሰው ከኻርቱም ጦርነት ሲሸሽ ወርቅ ይይዛል፣ ፍራሽ ይይዛል። አሠሪዬ ዓም ዘከሪያ ግን ሁለት በሪሞት የሚነዱ መኪኖች ይዞ ነው ገዳሪፍ የገባው። አሻንጉሊት ስላቸው ይቆጣል። ባጊ ነው የሚባሉት፣ የገጠር መንገድ መኪና። ቀን ስልክ መጠገኛ ሱቃችን ጠረጴዛ ላይ ይውላሉ፣ ሲመሽ ቤቱ ይዟቸው ይገባል። እሱን ዓም፣ አጎት፣ ሚስቱን ኻልቲ፣ አክስት፣ ብለን ነው የምንጠራቸው። ኻልቲ ሂያም ፍሪጇን ትታ መምጣቷን አልረሳችም። ውሃ በጠጣች ቁጥር ታነሳዋለች።

ዛሬ ሱቅ ድረስ መጣች። ልጃቸው ሰሀር ፖርት ሱዳን ልትወልድ ነው፣ የመጀመሪያዋን። እናት ሳትኖር የመጀመሪያ ልጅ አይወለድም አለች። እቃ ጠቅልል፣ ከመኪኖችህ አንዱን ብቻ ያዝ፣ ኻላስ፣ አለቀ፣ አለችው።

“የትኛው?”

“የሚሻለው።”

“እሱማ... መፈተን አለበት” አለ።

እኔስ? እሱ ከሄደ ሱቁ ይዘጋል። ወረቀት የለኝም። ከሻ ሲመጣ፣ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ሲለቅም፣ “ይሄ የኔ ሰው ነው” ብሎ የሚያስጥለኝ እሱ ነው። ሌላ ማን አለኝ?

ሚያዝያ 26

ሁለቱንም ፈታናቸው። የሚለያዩት በፊት እግራቸው ነው፣ ሌላው ያው ነው። የነጩን ጎማ ሁለት ክንድ ይይዘዋል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። መሪው በሁለት ክርን፣ በታጠፉ ብረቶች፣ ነው የሚዞረው። ትንሿ የመሪ ሞተር አንዱን ክርን ትገፋለች፣ እሱ ሌላውን፣ ሌላው ጎማውን... ጉዳይ ከቢሮ ቢሮ እንደሚመራው። ቀዩ ከታች አንድ ወፍራም ክንድ ብቻ ነው ያለው፤ ከላይ አሞርዛተሩ፣ ንዝረት የሚያበርደው፣ ራሱ ምሰሶ ሆኖ ጎማውን ይይዛል። መሪው አንዲት የምትንሸራተት ዘንግ ናት። ግራ ካልከው ግራ ነው።

ሓድሽ ወዲያው ቀዩን ወደደ። ሓድሽ ጎረቤታችን ነው፤ ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ወጥቶ እዚህ ስልክ ቻርጅ እያደረገ ይኖራል። “ዕቃ ሲበዛ ብልሽት ይበዛል” አለ። እኔ ነጩን ያዝኩ። እኔ ከጎንደር፣ እሱ ከትግራይ። የማናነሳው ብዙ ነገር አለን። ስለ ክንድና ስለ ክርን ግን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተጯጯህን። ደስ ሲል።

ግንቦት 1፣ አርብ

ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ ሄድን። ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ እግር የሚውጥ ስንጥቅ። ለጥ ያለው ላይ ቀዩ ነጩን በቀልድ ጥሎት ሄደ። ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ግን ጎማው በገባና በወጣ ቁጥር መሪው ሳይነካ ፊቱ ራሱ ይዞራል። ተገለበጠ። ነጩ ዘግየት ብሎ ደረሰ። ክንዶቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ጎማው ግን ወደ ፊት እንዳየ አለፈ። ደገምነው። ያው።

“መሬቱ ነው ጥፋተኛው” አለ ሓድሽ።

ነጩ አሸነፈ። ማለት... መኪናው ተመረጠ፣ ይሄዳሉ።

“አንድ ፈተና አይበቃም፣ ያ ባንቲ” አለኝ ዓም ዘከሪያ። ባንተአምላክ ማለት አይሆንለትም። አይበቃም አልኩት። እንዴት ይበቃል?

ግንቦት 6

የነጩን የክርን ብሎን ግማሽ ዙር አላላሁት። ግማሽ ብቻ። ማን ያየዋል?

ግንቦት 8፣ አርብ

ነጩ ሰክሮ ዋለ። ቀዩ አሸነፈ። ሓድሽን ያየ የመኪናው አባት ነው ይለዋል። ሂያም ፉል ይዛልን መጥታ “እና?” አለች።

“እኩል ናቸው” አለ ባሏ።

ወደኔ ዞራ አየችኝ። ፉሉ ላይ አቀረቀርኩ።

ግንቦት 15፣ አርብ

አንዴ ቀይ፣ አንዴ ነጭ። ባለ ረክሻዎቹ፣ የባጃጅ ነጂዎቹ፣ ሥራ ፈትተው ይከራከራሉ። ከኻርቱም የተፈናቀለው፣ ከካምፕ የወጣው፣ እንደኔ ድንበር በእግሩ የተሻገረው፣ ሁሉም የፊት እግር ተቆርቋሪ ሆኗል። ሌላው ጉዳይ ሁሉ አልቆ ይሆናል።

ግንቦት 22፣ አርብ

ግራ ገባኝ። ትናንት ነጩን አላልቼ ነበር፣ ስለዚህ ቀዩ ማሸነፍ ነበረበት። ቀዩ ግን ገና ሲነሳ ወደ ጎን ተጎተተ። ከፍቼ አየሁት፣ የዘንጓ ብሎን ላልቷል። እኔ አልነካሁትም። ሓድሽ? ቀዩን ከእናቱ ልጅ አብልጦ ይወደዋል። ታዲያ ማን ቀረ?

ዓም ዘከሪያን አየሁት። መነጽሩን ይወለውላል።

ግንቦት 23

ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ ገባሁ። ዓም ዘከሪያ ካቻቪቴ ይዞ ቀዩ ላይ ተደፍቷል። አይቶኝ አልደነገጠም።

“ፖርት ሱዳን ከገባን ኻርቱም ራቀች ማለት ነው” አለ። “እዚህ እስካለሁ ነገ የምመለስ ይመስለኛል።” ካቻቪቴውን አስቀምጦ፣ “አንተስ ነጩን ለምን?”

ያውቃል ለካ።

“ከሻ” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም። ቀዩን እሱ ያላላል፣ ነጩን እኔ። የሥራ ክፍፍል ጥሩ ነው።

ሰኔ 2

ሂያም መጣች። አለመጮኋ ነው ያስፈራኝ። የሰሀር እግር አብጧል፣ በስልክ ታለቅሳለች።

“አንድ አርብ ብቻ” አላት ባሏ።

“አዎ፣ አንድ አርብ” አልኩ እኔም። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ሰኔ 4

ሂያም ሄደች። ብቻዋን፣ በጠዋቱ አውቶብስ። መኪኖቹን ጎን ለጎን አልጋው ላይ አስቀምጣቸዋለች። ሪሞቶቹ የሉም። ሁለቱንም ይዛቸው ሄዳለች።

ሪሞት የሌለው ባጊ ምንድን ነው? ጎማ ያለው ሳጥን። ዓም ዘከሪያ ሱቅ መጥቶ ይሄን ሲነግረኝ ብዙ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። ውሃ ሰጠሁት።

ሰኔ 5

ዓም ዘከሪያን እኔና ሓድሽ እስከ አውቶብሱ ሸኘነው። ሁለቱንም መኪኖች በፎጣ ጠቅልሎ አቅፏቸዋል።

“የተፈቀደው አንድ ነበር” አልኩት።

“የወሰደችው ሪሞት ሁለት ነው” አለ። እንደ ሙሽራ ፊቱ በርቷል።

ሊሳፈር ሲል ጠየቅኩት፤ እውነቱን፣ የትኛው ይሻላል?

“ነጩ። ኻርቱም እያለሁም አውቀው ነበር።”

ሓድሽ እስከ ሱቁ ድረስ አላናገረኝም። እኔ ምን አደረግኩ?

የሱቁ አከራይ ከሰዓት ቁልፉን ተቀበለኝ። የፈሩት ይደርሳል።

ሰኔ 20፣ ዶካ

ገዳሪፍን ትቼ እዚህ መጣሁ፣ ሥራ አገኘሁ። ትራክተር ጋራዥ፣ ባለቤቱ ፍሰሃ የሚባል የድሮ ስደተኛ። ዝናቡ ጀምሯል፣ ገበሬው ሊዘራ ይጣደፋል፣ የሚሠራ እጅ ጠፍቷል።

“የፊት እግር ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

“የት ተማርክ?”

“ገዳሪፍ። ከአንድ የኻርቱም ሰው ጋር ምርምር ላይ ነበርኩ።”

ውሸት አይደለም። ያንኑ ነው የሠራሁት፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው። ትናንት ከሻ መጣ። ትራክተር ሥር ገብቼ ተኛሁ፣ ጫማዬን አይተው አለፉ። ይኼንን ነው እንግዲህ ያን ያህል የፈራሁት?

ሰኔ 27፣ ዶካ

ኔትወርክ ተመለሰ። የተጠራቀመው መልዕክት ገባ። ዓም ዘከሪያ በድምፁ፣ ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ቀዩ ይሻላል ይላል። ለሓድሽ ንገረው፣ ስሳፈር ፊቱ ሲጠቁር አይቻለሁ፣ አሁን ያናግርሃል። ብቻዬን ሳቅኩ።

ቀጥሎ የሂያም ድምፅ ገባ። ሴት ልጅ ናት። ሰሀር የወለደችው ሂያም ገና የከሰላን ከተማ እንዳለፈች፣ አውቶብስ ላይ ሳለች ነው። ምጡ ጠንቶባት ስትጣራ የነበረው እናቷን ነው። ጎረቤቶች ናቸው የያዟት። ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። “አልደረስኩላትም፣ ያ ባንቲ” አለች። የወቀሳ ድምፅ አይደለም። እንደ ማንኛውም ወሬ ነው የነገረችኝ። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓም ዘከሪያ ያዘገያት ቤቱ ናፍቆት ነው። እኔ ለራሴ ፈርቼ ነው። እሷን ማናችን ጠየቅናት? አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ከሰዓት አንድ ሰው መሪው የሚጎትትበት ትራክተር ይዞ መጣ። ፍሰሃ ምሳ ሄዷል። እዚህ “ነገ ተመለስ” ማለት የተለመደ ነው፣ ሰውየውም ለምዶታል መሰለኝ፣ ሳልናገር ወደ በሩ ዞረ።

“መቼ ልምጣ?” አለኝ።

“ተቀመጥ” አልኩት። “አሁን ይደርስልሃል።”