መነጽሬ የተወደደበት ሳምንት

ቅዳሜ

ሃምሳ አለቃው ክራንቹን አከራየ። ጠዋት በደጁ ሳልፍ ግድግዳ ተደግፎ በአንድ እግሩ ቆሟል። “ምርኩዝህ የት ሄደ?” ስለው “ሥራ ላይ ነው” አለኝ ሳያፍር። የአንዱ ጎረምሳ ብብት ሥር ገብቶ አዲሱ ገበያ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። እግሩን ጦር ሜዳ ጥሎ የመጣ ሰው፣ ሌላው ጦር ሜዳ እንዳይሄድ ክራንቹን ያከራያል። እኔም ቆሜ ሳቅሁ።

አፈሳው እኛ ሰፈር ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። መኪና ይቆማል፣ ወታደርና አብዮት ጠባቂ መንገዱን ከላይም ከታችም ይዘጋል፣ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ተጭኖ ለውትድርና ይሄዳል። ወንድ ልጅ ባዶ እጁን ከቤት መውጣት ትቷል። ሰው ይዞት የሚዞረው ተራ ነገር ሁሉ ተወደደ። ኋላ የሚያምነኝ ስለማይኖር ልመዝግበው፦

የመሥሪያ ቤት መታወቂያ፤ ፎቶው ባይመስልም።
የሐኪም ወረቀት፤ ማኅተሙ እስካለ ድረስ የሴት በሽታም ቢሆን።
በጄሶ የተጠቀለለ ክንድ። ውስጡ ደህና ነው።
የታቀፈ ሕፃን። የማንም ይሁን። አንዷ ጎረቤቴ ልጇን በቀን ሦስት ጊዜ ታውሳለች።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ መነጽር። አንድ ባለመነጽር ተማሪ “ይሄ ዒላማ አያይም” ተብሎ ከመኪና ላይ ወረደ አሉ። ያየ ሰው አላገኘሁም፤ የሰማ ግን አገሩ ሙሉ ነው። በጉለሌ ደግሞ ከእኔ የወፈረ መነጽር ያለው የለም። የዓይን ሞራዬ ከተገፈፈ ወዲህ ያለ እሱ ሰውና ግንድ አልለይም። ልጆቹ “የጠርሙስ ቂጥ” እያሉ ሲስቁብኝ ኖረዋል። አሁን አይስቁም።

ከሰዓት በኋላ ዘነበች መጣች። ከቤቴ ጀርባ የምትኖረው፣ የሸማኔው ሚስት የነበረችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷ ትፈትላለች፣ አንድ ልጇ ጣሰው ይሸምናል፣ ሽሮ ሜዳ ይሸጣሉ። ጨንቻ ካሉ ዘመዶቿ ደብዳቤ ሲመጣላት የማነብላት፣ መልሱንም የምጽፍላት እኔ ነኝ። በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

“ጋሼ፣ ማክሰኞ የሸማኔዎች ማኅበሩ ማግ ያድላል። ጣሰው ራሱ ካልፈረመ አይሰጡትም። ካልወሰደ ደግሞ ተራው ያልፈዋል፣ ሥራ የለም፣ በቃ። ለግማሽ ቀን ብቻ…”

አስብበታለሁ አልኳት። ይህን ለሰው አልናገረውም፣ እዚህ ግን ልጻፈው፦ ስትለምነኝ ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስሆን ሰው የሚለምነው ዳኛውን ነበር።

እሑድ

ቁስቋም አስቀደስኩ። ቄሱን የሚያየው ጠፍቶ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ሦስት እናቶች ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ አጀቡኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። የሞተችውን ባለቤቴን አመሰገኑልኝ፤ በሕይወቷ ሳለች ሲያሟት የኖሩ ናቸው።

ተሾመም ሰላም አለኝ። የቀበሌው ሱቅ ስኳር በእጁ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከገዛ ሥጋው የሚቆርስልኝ እየመሰለው ሲሰፍርልኝ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ትከሻዬን ሳመኝ። ከምሳ በኋላ ስኳር በፌስታልና ሁለት ሳሙና ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። ልጁ ነገ ጉዳይ አለበት። ምን ጉዳይ እንደሆነ አልጠየቅሁም። እሺ አልኩ።

ዘነበች ቀድማ ጠይቃኝ ገና አስባለሁ ብያታለሁ። እሷ ስኳር የላትም። ሻዩን ሦስት ማንኪያ አድርጌ ጠጣሁ። የሚያሳፍር ነው፤ ጣፍጦኛል ግን።

ሰኞ

መነጽሬ ከጠዋት ጀምሮ የለም። እንደ መሸበት ዶሮ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሰው ሲመጣ በድምፁ ነው የማውቀው። መጸዳጃ ቤት ስሄድ አጥሩን እየዳበስኩ ነው። ውድ ነገር ያለው ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የሚኖረው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አመሻሽ ላይ የተሾመ ልጅ መለሰልኝ። ቅባት በቅባት አድርጎታል፣ አንዱን ክንዱንም አጣሞታል። “ይሠራል ጋሼ!” አለኝ እየሳቀ። አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ከላዩ እያየ ነው አሉ የሄደው። አንዱ አብዮት ጠባቂ አይቶት ምራቁን ተፋና አለፈው።

ተናደድኩ። ይሄ ዕቃ ቢሰበር ሌላ የት ይገኛል? አፍንጫ ጫፍ ላይ!

ዘነበች ስትጠብቅ ነበር። አዲስ ጋቢ ይዛ መጣች፣ ጣሰው የሸመነው፣ ጥለቱ ሰማያዊ። ለሽሮ ሜዳ ነጋዴ ሊሰጥ የነበረ ነው። እምቢ አላልኩም። ተቀብዬ እግሬ ላይ ጣል አደረግሁትና ሕጌን ነገርኳት፦ ማውለቅ የለም፣ አፍንጫ ላይ ማውረድ የለም፣ ኪስ ውስጥ መክተት የለም። “ካወለቀ የራሱ እንዳልሆነ ያውቁበታል” አልኳት። እውነተኛው ምክንያቴ እንዳይጫርብኝ ነበር።

“እርስዎ እንዳሉ ይሁን” አለች።

ማክሰኞ

ይህን የምጽፈው መስመሩን በግራ ጣቴ እየዳሰስኩ ነው። ፊደሉ ከፊደል ላይ ወጥቶ ከሆነ አላየውም።

ጠዋት ጣሰው ሲመጣ የተጣመመው ክንድ አልያዘለትም፤ ይንሸራተታል። እናቱ የፈተለችውን ክር አምጥታልኝ እኔው ራሴ በገዛ እጄ ከኋላ አሰርኩለት። ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ቀና ሲል ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። “ጋሼ፣ መሬቱ ወደ ላይ መጣብኝ” አለ። ሦስታችንም ሳቅን። እናቱ እጁን ይዛ ስታወጣው “ተዪኝ፣ እናቱ የምትመራው ጎረምሳ ያስነቃል” ሲላት ሰማሁ። እስከ አስፋልቱ አድርሳው ተመለሰች።

ስምንት ሰዓት ላይ ማግ የምትቸረችር ሴት እየጮኸች መጣች። ከእሷ የሰማሁትን ልጻፍ። አዲሱ ገበያ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ መኪኖቹ ቆሙ። ሰው ሁሉ ሮጠ። ጣሰው ግን መንገዱ መሀል ቀረ። “ምንድን ነው? ወዴት ነው?” ይላል። እጁን ወደ መነጽሩ ይሰዳል፣ ደግሞ ይመልሳል። ከዚያ እሱም ሮጠ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ወታደሩ ደረት ላይ ወደቀ። እንደ ዘመድ አቀፈው አለች።

“መነጽሩን አላዩትም?” አልኳት።

“አዩት እንጂ። አንዱ ‘ይሄ አነጣጥሮ ይተኩሳል’ ብሎ ሳቀ። አንስተው ጫኑት።”

ዘነበች አጠገቤ ቆማ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ስትል ሰማሁ።

እጁን ይሰዳል፣ ደግሞ ይመልሳል። ማውለቅ የለም ስላልኩ ነው። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ግን እሱን አልነበረም። መነጽሬን ነው ያሰብኩት።

ረቡዕ

የታፈሱት የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ናቸው። ዘነበች ምሳ ዕቃ ይዛ ሄደች። ባዶውን ምሳ ዕቃ ሲመልሱላት ክዳኑ ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አገኘች። ጣሰው የጻፈው ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው ፊደል የቆጠረው። ያሾለከው የሰፈራችን ልጅ የሆነ ጠባቂ ነው፤ ለማንም እንዳታሳዪ ብሏታል፤ ከታወቀ እሱም ይጫናል።

ወደ እኔ ነው የመጣችው።

“ዘነበች፣ መነጽሬ እኮ…”

“አውቃለሁ ጋሼ። ግን ለማን ልስጠው? ለተሾመ ልስጠው? በፀሐይ ቢያዩትስ? ትንሽ እንኳን አይታይዎትም?”

እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አነሣሁት፣ አራቅሁት፣ አቀረብኩት። ነጭ ነገር ላይ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። አንዲት ፊደል ብትሆን፣ አንዲት። እሷ ትንፋሿን ይዛለች። ትንፋሽ የያዘ ሰው ደግሞ ይሰማል። ልጇን አሳውሬ የላክሁባት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ አይታየኝም ልበላት?

“ይታየኛል” አልኳት።

አነበብኩላት። እንዲህ ብዬ፦ “እማዬ ደህና ነኝ። ምግቡ ይደርሰኛል። ሌሊትም እተኛለሁ። በቅርብ ቀን ይለቋችኋል እየተባልን ነው። አታልቅሺ።”

ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ጉልበቴን ሳመች። እኔን፣ የአንድ ሸማኔ ጋቢ እግሬ ላይ አድርጌ የተቀመጥኩትን ሽማግሌ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ውሸት የሚወጣኝ አይመስለኝም ነበር። ምንም አይከፋም፣ ምን ሊጽፍ ይችላል፣ ልጅ ለእናቱ የሚጽፈው ይኸው ነው እያልኩ እቀባጥራለሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ዘነበች ጓሮ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ሰማሁ። እያንጎራጎረች። የጣሰውን ልብስ ነው፤ ሲለቁት ንጹሕ እንዲለብስ። የተሾመን አንዱን ሳሙና ሰጠኋት።

ስድስት ሰዓት ላይ ምሳውን ይዛ ወረደች። ግቢው ባዶ ነው። ንጋት ላይ ጭነዋቸዋል። ወዴት እንደሆነ የሚናገር የለም። ጠባቂው ትናንት ማታ ለእራት ያስገባችውን ሌላውን ምሳ ዕቃ መልሶላት ፊቱን አዞረባት።

ስትመለስ ወደ ቤቷ ሳትገባ ደጄ ላይ ተቀመጠች። የምታለቅሰው ለልጇ መሄድ ብቻ አይደለም። “ይለቁናል ብሎ አምኖ! አታለሉት እኮ ጋሼ። ልጄን አታለሉት። ተስፋ አድርጎ ነው የተጫነው” ትላለች።

“ጨካኞች ናቸው” አልኳት።

ዓርብ

መነጽሬ ተመልሷል። ፊደሌ ዛሬ ደህና ነው፤ የማክሰኞውን፣ የረቡዑንና የሐሙሱን ገጽ አየሁት፣ የዶሮ ጭረት ነው።

ዘነበች ትናንት ከደጄ እንደተነሣች አልጋ ላይ ስለወደቀች ምሳ ዕቃውን አልከፈተችውም። ዛሬ ልታጥበው ስትከፍት መነጽሬ በጨርቅ ተጠቅልሎ ውስጡ ተቀምጧል። ክሩ ተፈትቷል፤ አልተበጠሰም። ልጁ ሁለቱን ቋጠሮዬን በትዕግሥት ፈትቶ፣ ክሩንም ጠቅልሎ አብሮ ልኮታል። አንድም ጭረት የለውም።

አመጣችልኝ። እጇን ሳምኩት። ስታመጣ ግን ወረቀቱንም ይዛለች።

“አሁን ደግሞ ደህና አድርገው ያንብቡልኝ። ቃሉን ልስማው።”

መነጽሬን አደረግሁ። የጣሰው ፊደል ትልልቅና ቀና ነው፣ ለሚያነብለት አዝኖ የጻፈ ይመስላል። እንዲህ ይላል፦

“እማዬ። ነገ ሐሙስ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይጭኑናል። ወዴት እንደሆነ አልነገሩንም። በታችኛው በር ነው የሚያወጡን። ቀድመሽ መጥተሽ ከበሩ በስተቀኝ ቁሚ። የጋሼን መነጽር በእጅሽ እሰጥሻለሁ። ሳላይሽ እንዳልሄድ።”

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። “ጋሼ?” አለች። ቀና ስል ፊቷን አየሁት። ከማክሰኞ ወዲህ ፊቷን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አርጅታለች።

ጀመርኩ። “እማዬ ደህና ነኝ። አታልቅሺ…”

“እሱ መጨረሻው ላይ ነው” አለችኝ።

“አዎ፣ መጨረሻው ላይ ነው። ደህና ነኝ። ምግቡ ይደርሰኛል። በቅርብ ቀን…”

“ሌሊት እተኛለሁ የሚለውን ዘለሉት።”

በቃሏ ይዛዋለች። የእኔን ውሸት ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ እሷ እያረመችኝ ጨረስኩት። እውነቱን ብነግራትስ? አፌን ከፈትኩ፤ እውነት እላለሁ ከፈትኩ። ታችኛው በር ከቤቷ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በዚያች ሰዓት እሷ ልብሱን እየዘፈዘፈች ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

“አታልቅሺ የሚለው የትኛው ነው?” ብላ ጣቷን ዘረጋች።

ጣቷን ይዤ መጨረሻው መስመር ላይ አስቀመጥኩላት። ሳላይሽ እንዳልሄድ የሚለው ላይ። ጎንበስ ብላ ሳመችው።

“ወረቀቱ እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ ቢያገኙብሽ ጥሩ አይደለም” አልኳት። እምቢ አለች። የልጄ እጅ ነው ብላ አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

“ጋሼ፣ በዘመቻው ጊዜ ሁሉም ሲማር እኔ እፈትላለሁ ብዬ ቀረሁ። አሁን ቆጨኝ። ሁልጊዜ እርስዎን ማስቸገር… ማለቴ፣ እርስዎ ቢያስተምሩኝ ይችን ወረቀት ራሴ ባነባት። ሌላ ምንም ማንበብ አልፈልግም። ይችን ብቻ።”

ሌላ አስተማሪ አለ ልላት እችል ነበር። ዓይኔ ደከመ ልላት እችል ነበር፤ መነጽሩ ግን ዓይኔ ላይ ነው። እሺ አልኳት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። የፊደል ገበታ ሽሮ ሜዳ ይገኝ እንደሆነ ነገ ወርጄ አያለሁ።