ስማቸው ሲጠራ የተነሡት

ግሽታት፣ በኪም ሐይቅ ዳር
ሰኞ፣ ጁላይ 18 ቀን 1966

ውድ እህቴ ጋርዲ፣

ኦስሎ እንዴት ይዞሻል? የሆስፒታሉ ሥራ ፋታ እንደማይሰጥሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። ወንበር ፈልጊ። እኛ ደህና ነን። አክስት ጼንዚም ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት፤ ዓሣ ማጨሱን ለእኔ አልለቅም ብላ አሁንም ጢስ ውስጥ ገብታ ትስላለች።

ባለፈው የጻፍኩልሽን ወይዘሮ ካሊንከን ታስታውሻቸዋለሽ፤ በጦርነቱ ማብቂያ ከምሥራቋ ከተማ ከብሬስላው ሲሸሹ የአራት ዓመት ልጃቸውን ኢርምጋርድን የሕፃናት ባቡር ላይ አሳፍረው እሳቸው ወደ ኋላ የቀሩትን። ቀይ መስቀል አድራሻችንን ሰጥቷቸው ሲጽፉልን አክስታችን፣ “ለበዓሉ ይምጡ” አለች። “ልጅ ለጠፋባት ሴት ወረቀት ምን ያደርግላታል?”

ቅዳሜ መጡ። ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸውን በበጋ እንኳ አያወልቁም። አክስታችን ገና ሾርባው ሳይቀርብ የሮዘንሃይም ባቡር ጣቢያን ነገር ጀመረችላቸው። እኔና አንቺ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፤ እንደዚያ ሥራዋን ሁሉ ትታ ስትናገረው ግን ሰምቼ አላውቅም።

“ወንድሜና ሚስቱ ሞተው፣ ልጃቸው ከምሥራቅ በሚመጣው ባቡር አለች ተባልኩ። ያየኋት በክርስትናዋ ቀን ብቻ ነው። መልኳን አላውቅም፤ የማውቀው ስሟን ነው። ስለዚህ ባቡር ጣቢያው መሀል ቆሜ ‘ኢርምጋርድ!’ ብዬ ጮኽኩ። ሁለት ልጆች እየሮጡ መጡልኝ።”

“አንገታቸው ላይ የታሰረው የስም ወረቀትስ?” አሉ ወይዘሮ ካሊንከ።

“በረዶው አርሶት ቀለሙ ፈሷል። ‘የአባትሽ ስም ማነው?’ ስላቸው ሁለቱም ‘አባባ’ አሉኝ። ታዲያ አንዷን ለማን ልተው? ለበረዶው?”

እንዳንቀላቀልባት ስሙን ለሁለት ከፍላ እኔን ኢርሚ፣ አንቺን ጋርዲ ማለቷን ሲሰሙ ወይዘሮ ካሊንከ በእንባቸው መሀል ሳቁ።

ትናንት እሑድ በጀልባ ወደ ገዳሙ ደሴት ተሻገርን። የንጉሥ ልጅ ሆና የገዳሙ እመምኔት የነበረችው ብፅዕት ኢርምጋርድ ካረፈች አሥራ አንድ መቶ ዓመት ሞላ። ቄሱ የሰበኩት ስለ ስሟ ነው። “ኢርሚን” አሉ፣ “የጥንት ሰዎቻችን ታላቁን፣ ምሉዑን፣ ዓለምን ከዳር እስከ ዳር የሚይዘውን የሚጠሩበት ቃል ነበር። ጋርድ ደግሞ ቅጥር ነው፤ ሰው ከብርድና ከአውሬ የሚጠለልበት ግቢ።”

አክስታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ለጋርዲ አጥር ብዬ ነው ለካ ስም ያወጣሁላት” አለችኝ። ሳቄን ስውጥ ቄሱ፣ “በዚህ ስም የተጠመቃችሁ ሁሉ ተነሡ” አሉ።

ጋርዲ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ! ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የተነሣ መሰለኝ። ምርኩዛቸውን ይዘው የሚንቀጠቀጡ አሮጊቶች፣ የሥጋ ሻጩ ሚስት፣ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት መነኩሲት። በትምህርት ቤት አስተማሪዋ “ኢርምጋርድ” ስትል አምስታችን “አቤት” እንል እንደነበር ትዝ ይልሻል? የቀሩት ሦስቱም ነበሩ። ከልጆቹ መሀል ግን የአያቷን እጅ የያዘች አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ተነሣች፤ ሌሎቹ ሁሉ ፔትራና ሳቢነ ናቸው። ስማችን ከእኛ ጋር እያረጀ ነው። ሆኖም ቆሜ ሳለሁ አንድ ነገር አሰብኩ። አሥራ አንድ መቶ ዓመት ሙሉ በሆነ ደጃፍ የሆነች እናት ይህን ስም ስትጣራ ኖራለች፤ የሆነች ልጅም “መጣሁ” ስትል።

ወይዘሮ ካሊንከ ከተቀመጡበት ሆነው ዙሪያቸውን ሲያዩ ቆዩና፣ “ይህ ሁሉ?” አሉ። “እኔ እኮ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ያለች ይመስል ነበር የፈለግኋት።”

እራት ላይ ግራ እጄን ያዙኝ። ትንሿን ጣቴን ቀጥ፣ አጠፍ አድርገው አዩዋት። ከዚያ እጄን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው መለሱልኝ። “የእኔዋን ልጅ ጣት የምድጃ በር ጨፍልቆት ነበር” አሉ። “ጣቷ እንደታጠፈች ቀረች።”

አክስታችን ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ይዛ የመጣችው በልጅነትሽ የሠራችልሽን ቀይ የሱፍ ጓንት ነው፤ የግራውን፣ የትንሿ ጣት ቦታ አጥሮ የታጠፈውን። ምንም ሳትል ፊታቸው አኖረችው። እሳቸውም ጣታቸውን እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ከተው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

“ሊወስዷት ነው የመጡት?” አለች አክስታችን።

“የሃያ አምስት ዓመት ሴት የት እወስዳለሁ? በዚያ ቀን የጠራቻትን ሴት ለማየት ነው የመጣሁት።”

አክስታችን አፍንጫዋን በመሀረብ ጠረገች። “እንግዲያው ጋርዲ እስክትመጣ የትም አይሄዱም። ዓሣ ማጽዳት ይችላሉ?”

“የተወለድኩት ኦደር ወንዝ ዳር ነው። ከፈለጉ አስተምርዎታለሁ።”

“እስቲ እናያለን!”

ይህን የምጽፍልሽ ሁለቱን ስለ ጨው ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ነው።

እኔ ለካ የአክስታችን የወንድሟ ልጅ ኖሬያለሁ። ይህን ባወቀችበት ማዕድ የሰጠችኝ እንደ ወትሮው ትንሹን ዓሣ ነው፤ ትልቁን፣ “ጋርዲ ይህን ትወዳለች” ብላ ማስቀመጫው ላይ መለሰችው። አንቺ ኦስሎ መሆንሽ ጠፍቷት!

ፈቃድ ጠይቂና ነይ። ባቡር ጣቢያ ሁለቱ ከፊት ይቆማሉ፤ እኔ ሻንጣሽን እይዛለሁ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ደስ ብሎኛል።

አምላክ መንገድሽን የቀና፣ ባሕሩን የረጋ ያድርግልሽ። አልጋሽ ላይ ወይዘሮ ካሊንከ ተኝተውበታል፤ ስለዚህ አንቺ እንደ ልጅነታችን ከእኔ ጋር ነሽ። በግድግዳው በኩል ቦታ ትቼልሻለሁ።

እህትሽ
ኢርሚ