ለአባባ የላክኸው ቸርኬ

ውድ ቦ-ዩዌን፣

በስልክ ሳገኝህ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውልልሻለሁ» ትለኛለህ፤ አትደውልም። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ወረቀት መሀል ላይ አይዘጋም።

አባባ ደህና ነው። ክርኑም ድኗል ማለት ይቻላል። «የምን ክርን?» ትለኝ ይሆናል። አየህ፣ አልነገረህማ!

ከሲንጋፖር የላክኸው ትልቁ ካርቶን የደረሰ ቀን አባባ ወዲያው አልከፈተውም። መጀመሪያ ወስዶ የአያቶቻችን መሠዊያ ፊት አቆመውና እጆቹን አጋጥሞ ለእማማ ነፍስ ነገራት፤ «ልጅሽ ለብስክሌቴ ጎማ ላከልኝ» አላት። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እንባዬ መጣ። ሲከፈት ሁለት ጥቁር የሚያብረቀርቁ የካርቦን ቸርኬዎች፣ የክባቸው ግንብ ቁመቱ መዳፍ የሚያህል። እሑድ ቁርስ ቤት ይዞት ሲሄድ ጓደኞቹ እንደ አዲስ ሙሽራ ከበቡት። አጎት ልያዎ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው «ይሄ ከበሮ እንጂ ጎማ ነው እንዴ? ከእንግዲህ ይሄን ሽማግሌ ማን ይደርስበታል!» አሉ። አባባ በደስታ የአኩሪ አተር ወተቱ ቀዘቀዘበት።

ግን አንተ ሰውዬ፣ ከመግዛትህ በፊት ማንን ጠየቅህ? አባባ ሰባውን አልፏል፤ ከነጫማው ሃምሳ ኪሎ አይሞላም። እንዲህ ግንቡ የረዘመ ቸርኬ ለሜዳና ጉልበት ላለው ሰው እሰየው ነው። የጎን ነፋስ ሲመጣ ግን የጀልባ ሸራ ነው። ደግሞ ለምን እንደሚለማመድ ታውቃለህ፤ በመጪው ወር ከእነ አጎት ልያዎ ጋር ዉሊንግ ተራራን ሊወጣ ነው። ዛፉ ካለቀበት በላይ ያለውን መንገድ አብረን ወጥተነው የለ? በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ገደል፤ ነፋሱ አንተን እንኳ ከመስመር ሲያወጣህ ትሳደብ ነበር።

አባባ አዲሱን ጎማ ሊሞክር ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ቺንግሹዊ ሄደ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ክርኑ ተልጦ ተመለሰ። «ውሻ ገባብኝ» አለኝ። ነገሩን ያወቅሁት ከአጎት ልያዎ ነው። «የምን ውሻ አመጣሽ? ነፋሱ እንደ ጃንጥላ አንስቶ ሩዝ ማሳ ውስጥ ተከለው። ዳክዬዎቹ እስካሁን አልተመለሱም!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እዚያ የተቀበለው ሩዝ ማሳ ነው፤ ዉሊንግ ላይ ሩዝ ማሳ የለም።

በማግስቱ ሄጄ ግንቡ አጭር፣ ቀለል ያለ፣ ነፋስ የማይዘው ቸርኬ ገዛሁለት። ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄ የላከልኝን አውልቄ ምን ልባል? ‹ናቀው› ይበሉኝ?»

«አባባ፣ የሰው ወሬ ከገደል አያወጣህም!»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ከወንድምሽ ጋር መፎካከር ነው።»

መፎካከር! ቁስሉን እያጠብኩለት እኮ ነው እንዲህ ያለኝ። ያን ቀን ነው የደወልኩልህ። የፈለግሁት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «አባባ፣ ጎማውን ስመርጥ ተሳስቻለሁ» እንድትለው። ከእኔ አፍ ምቀኝነት ይሆናል፤ ካንተ አፍ ግን ፍቅር ነው። አንተ ምን አልክ? «የወደደውን ያድርግ፣ እናንተው ተነጋገሩ።» ስለ ክርኑ ሳልነግርህ ዘጋኸው። እኛው ተነጋገርን እንግዲህ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈን።

መጨረሻ ላይ ደከመኝ። ነፋሱ የሚጫወተው በፊተኛው ጎማ ነው፤ መሪው እሱ ላይ ነዋ። የኋላውን ሰውነቱ ስለሚጫነው ያን ያህል አይነቀንቀውም። መፍቻውን ይዤ የፊተኛውን ብቻ አወለቅሁና የእኔን ገጠምኩ። «የቦ-ዩዌን ከኋላ ይሁን፣ የእኔ ከፊት። ይሄ ካልሆነ ዉሊንግ ስትወጡ ከኋላችሁ መኪና የሚነዳላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ» አልኩት። ብስክሌቱን ትክ ብሎ አየው። ወጣበትና ወደ ባሕሩ ዳር ነዳ። ልብሱ ደርቆ፣ ፀጉሩ በነፋስ ቆሞ ተመለሰና «መሪው ዛሬ ይታዘዛል» ብቻ አለኝ።

አጎት ልያዎ ምን እንዳሉ ልንገርህ? «ከፊት ሲያዩት ጡረተኛ፣ ከኋላ ሲያዩት ሻምፒዮን!» አባባ ግን ደንታም አልሰጠው። ቁርስ ቤት ለገባው ሁሉ «የኋላው የልጄ ነው፣ ከሲንጋፖር» ይላል። አንዷ አስተናጋጅ «የፊተኛውስ?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ቂጣዬን እየቆረስኩ ጆሮዬን አቆምኩ።

«እሱማ የቤት ነው» አለ።

የቤት! ቅር ይበለኝ ወይስ ደስ ይበለኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ዉሊንግ የሚወጡት በመጪው ወር ሁለተኛ እሑድ ነው። አሁንም እፈራለሁ፤ የኋላው ጎማ አሁንም ያንተ ነው፣ ከላይ ያለው ነፋስም የባሕር ዳሩ አይደለም። አባባ እኔ ‹ውረድ፣ መኪናው ውስጥ ግባ› ብለው አይወርድም። አንተ ብትለው ይወርዳል። ይሄን ስጽፍልህ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ ብታውቅ! ስለዚህ ና። መኪናውን አንተ ትነዳለህ፤ ዛፉ ሲያልቅ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ አባባን ትጠራዋለህ።

ስትመጣ ግን፣ በእማማ ይሁንብህ፣ ምንም ገዝተህ እንዳትመጣ።

እየጠበቀችህ ያለችው እህትህ፣
ፔይ-ሩ